ሐጂ ሹዓይብና ለአላህ የተሰጠው አደራ

በቀይ ባሕር ዳርቻ በምትገኝ አንዲት ጥንታዊ የወደብ ከተማ ሐጂ ሹዓይብ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው እየጠለቁ ከባሕሩ ወለል ሉል ያወጡ ነበር፤ ሲያረጁ ሰዎችን ለሶላት የሚጠሩ የመስጊዱ ሙአዚን ሆኑ።

አንድ ቀን የቀትሩ የዙሁር ሶላት ተሰግዶ ጀማዓው ሳይበተን ሰማዩ ጠቆረ፤ ባሕሩም ተናወጠ። ከወደቡ ፊት ለፊት አንዲት ባለሸራ ጀልባ ከአለት ተላትማ ተሰባበረች። ከሩቅ አገር የመጡ ሁለት መርከበኞች ማዕበሉ ላይ ይንሳፈፋሉ። አብሯቸው የነበረው ሦስተኛው ሰው የሐጂ አንድያ ልጅ ሙስዓብ ነበር።

ሐጂ ጀለቢያቸውን አውልቀው ገመድ ወገባቸው ላይ አሰሩ። ጎረቤታቸው ሐሩን ክንዳቸውን ጨብጦ፣ «ሐጂ፣ ይህ ባሕር ጎረምሳም አይመልስም። በአላህ ይሁንብዎ፣ ይቅሩ!» አላቸው።

«ገመዱን ያዝልኝ እንጂ እኔን አትያዘኝ» አሉና «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ።

ማዕበሉ እያነሳ ይጥላቸው ጀመር። ጨዋማው ውሃ ጉሮሯቸውን አቃጠለው። ከስብርባሪው ሲደርሱ በቅድሚያ ያገኙት ሙስዓብን ነበር።

«አባ!»

ክንዳቸው ሳያስቡት ወደ ልጃቸው ተዘረጋ። ግን የልጃቸው እጆች የጀልባዋን የተሰበረ ምሰሶ አጥብቀው ይዘዋል። እንግዶቹ የያዙት ሳንቃ ደግሞ ከእጃቸው እያመለጠ ነው።

«ልጄ፣ ጠንክረህ ያዝ! ኢንሻአላህ እመለሳለሁ!»

«እነሱን አስቀድም፣ አባ! እኔ እችላለሁ» አለ ሙስዓብ። ድምፁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሐጂ አንደኛውን እንግዳ አወጡ። ተመልሰው ሁለተኛውን አወጡ። እንደገና ዞር ሲሉ ምሰሶው የለም። ሐሩን እያለቀሰ «ይብቃዎት» ቢላቸውም አልሰሙትም። ምሰሶው ወደነበረበት አረፋ ዋኝተው ጠለቁ። ገመዱ ረገበ። ዳር የቆመው ሰው ሁሉ «ኢና ሊላሂ» አለ።

በድንገት ገመዱ ተወጠረ። ሕዝቡ ተረባርቦ ሲጎትት ሽማግሌው ብቅ አሉ። ክንዳቸው ስለዛለ የልጃቸውን እጅጌ በጥርሳቸው ነክሰው ነበር። ሙስዓብ ውሃውን አስመልሶ ሲተነፍስ ዳርቻው በ«አላሁ አክበር» ተክቢራ ተናወጠ።

ሐሩን ብርድ ልብስ እያለበሳቸው፣ «ልጅዎን አልፈው ባዳ ለማውጣት አንጀትዎ እንዴት ቻለ?» ሲል ጠየቃቸው።

 ሐጂ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «እነሱን አላህ ለኔ አደራ ሰጠኝ፤ ልጄን እኔ ለአላህ አደራ ሰጠሁት» አሉ።

ወገኖቼ፣ ተወኩል፣ በአላህ መመካት ማለት ብዙዎቻችን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ፣ አንዳንዶቻችንም ፈጽሞ አለመፍራት ይመስለናል። እኚህ አባት ግን ፈርተዋል፤ ክንዳቸውም ወደ ልጃቸው ተዘርግቷል። ልጃቸው ላይወጣ እንደሚችል ከማንም በላይ የሚያውቁት ባሕሩን የኖሩበት እሳቸው ነበሩ። ይህን እያወቁ ወደ ባዳው ዋኙ። እኛ በጌታችን የምንመካው የምንሳሳለት ነገር በእጃችን እያለ ነው። እሳቸው የተመኩት ልጃቸውን ከኋላቸው ማዕበል ላይ ትተው ነው።