ጅማ ምን ያህል ትርቃለች?

ወደ ጅማ የሚበረው አውሮፕላን መንገደኞቹን ከጫነ በኋላ አንድ ባለሥልጣን ሲጠብቅ ቦሌ ላይ ሦስት ሰዓት ቆመ። «ክቡርነታቸው ገና ከእንቅልፋቸው አልተነሱም» ተባለ። ከመንገደኞቹ መካከል ለእህቷ ቀብር የምትሄድ አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች፤ ጅማ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል።

ባለሥልጣኑ ግን ከአውሮፕላኑ እንደወረደ፣ ሊቀበሉት በተሰለፉት ሰዎች ፊት የሴትየዋን ክንድ ያዘና፣ «እናቴ፣ በመኪና ቀኑን ሙሉ የሚያስኬደው መንገድ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። እስቲ ጅማን ምን ያህል እንዳቀረብንላችሁ ለሕዝቡ ንገሪልኝ» አላት። አጨብጫቢዎቹም እጃቸውን አዘጋጁ።

ሴትየዋ አዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ ሰብሰብ አድርጋ፣ «ጅማስ ቅርብ ናት ጌታዬ፤ የራቀብን ከእርስዎ አልጋ እስከ ቦሌ ያለው መንገድ ነው» አለችው።