ተሳፋሪውን በኪሎ የጫነው ሹፌር

አንድ ሹፌር ነበር፤ ማንደፍሮ የሚባል። በደጋው ከተማና በቆላው ገበያ መካከል አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ይነዳል። ሚኒባሷ የጋሽ ዘርጋው ናት። የእሱ የሆነው መሪው ላይ የጠመጠመው ፎጣና አፉ ብቻ ነበር። አፉ ግን ከሚኒባሷ ይፈጥናል።

ማንደፍሮ ነዳጅ አይበረክትለትም። ሌላው ሹፌር ደርሶ ተመልሶ በሚተርፈው ነዳጅ እሱ ዳገት ላይ ይቀራል። ጄሪካን አንጠልጥሎ በሰው መኪና ሲለምን ያላየው የአገሩ ሰው የለም። ጋሽ ዘርጋው ሲቆጡት ግን መልስ አያጣም። አንዴ «ነዳጁ ውሃ አለው» ይላል፤ አንዴ «ይሄ ዳገት ዘንድሮ ጨምሯል» ይላል።

አንድ ቀን ሬዲዮ ከፍቶ ሲነዳ አንድ አዋቂ፣ «መኪና የሚሸከመው ክብደት በጨመረ ቁጥር የሚበላው ነዳጅም ይጨምራል» ሲሉ ሰማ። ሰውየው «ይሁን እንጂ» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ማንደፍሮ ሬዲዮውን ጠርቅሞ ዘጋው። የሚፈልገውን አግኝቷላ!

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ዘርጋው ፊት ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የተሳፋሪው ነው። ሰዉ ወፍሯል።»

ጋሽ ዘርጋው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ኑሮው እንዲህ ሆኖ ሰው ወፈረ?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው፣ ጋሼ!»

ጋሽ ዘርጋው አልሳቁም። «በል ስማ» አሉት። «ዛሬ ነዳጁን ራሴ ነኝ የማስሞላልህ። ቆላ ወርደህ ለመመለስ ይበቃል፤ ይተርፍሃልም። እኔ እዚሁ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ። ሳያልቅብህ ከመጣህ ሁለተኛ አልናገርህም። ካለቀብህ ግን ቁልፉን እዚህች መዳፌ ላይ ታስቀምጣታለህ።»

ማንደፍሮ ቁልፉን ጨበጠ። ከዚያች ቁልፍ በቀር በዓለም ላይ ምንም የለውም። ትምህርቱን ድሮ ትቶታል፤ የአባቱን መሬት ወንድሞቹ ተካፍለውታል። ሽማግሌ የላከባት ልጅ ቤትም የተነገረው «ሹፌር ነው» ተብሎ ነው። ቁልፉ ከሄደ ልጅቷም ሄደች ማለት ነው።

ወደ ቆላ ሲወርድ መንገዱ አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ነዳጁ እምብዛም አልተነካም። ጭንቁ መመለሻው ነው፤ ያ ረጅም ዳገት። ገበያው ደርሶ ሲቆም፣ በመናኸሪያው በር አንድ ሽማግሌ የሰው ሚዛን ዘርግተው እንደተቀመጡ አየ። የገበያ ሰው በሳንቲም እየወጣ ኪሎውን ያያል፤ «ቀነስኩ፣ ጨመርኩ» እየተባባለ ተሳስቆ ይሄዳል። ማንደፍሮ አእምሮው ላይ መብራት በራ።

«አባባ፣ ይነሱ! ዛሬ ትልቅ ሥራ አለን» አለና ሚዛኑን ብድግ አድርጎ ሚኒባሷ በር ሥር አስቀመጠው። «እስከ ስድሳ ኪሎ ያለው ይግባ። ከስድሳ ያለፈውን ይመልሱልኝ።»

«አንተስ ስንት ነህ?» አሉት ሽማግሌው።

«እኔ እንደ ሞተር ነኝ፤ አልቆጠርም።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ እየሠራ ነው። ማስነሻ ሞተሪኖው ደካማ ስለሆነ መኪናዋ አንዴ ከጠፋች ያለ ግፊት አትነሳም። ስለዚህ ማንደፍሮ ሞተር ማጥፋት አይወድም። ሻይ ሲጠጣ ይሠራል። ምሳ ሲበላ ይሠራል። ከሰው ጋር ሲጨቃጨቅማ ሲሠራ ይውላል።

ተራ አስከባሪው እየሮጠ መጣ። «ምንድነው ይሄ? ሰው በተራው ነው የሚገባው ወይስ በኪሎ? ሥጋ ቤት አደረግኸው እንዴ?»

«አቦ አትጨቅጭቀኝ፣ ሳይንስ ነው!»

መጀመሪያ የወጣው አንድ ክር የመሰለ ልብስ ሰፊ ነበር። የሚዛኑ መርፌ ሃምሳም አልደረሰች። «ግባ የእኔ ጌታ፣ እንዳንተ ዓይነቱን ያብዛልን!» አለው ማንደፍሮ። ልብስ ሰፊውም የስፌት መኪናውን ከነብረት እግሩ ጣራ ላይ አስጫነና ገባ። የስፌት መኪናውን ማንም አልመዘነውም። ሚዛኑ የሰው ነዋ!

ቀጥለው እትዬ የሺመቤት ወጡ። እትዬ የሺመቤት የሸክላ ነጋዴ ናቸው፤ ድስታቸውን ሁሉ ሸጠው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ነው። ሰውነታቸው ደልደል ያለ፣ አንደበታቸውም እንደዚያው። ሚዛኑ «ሲጥ» አለ። ሽማግሌው መርፌዋን አዩና ፊታቸውን አዞሩ። «እኔ አልናገርም፣ ሴት ናት» አሉ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ የሁለት ሰው ነዳጅ ነው የሚበሉት» አላቸው ማንደፍሮ።

«እኔ? እኔ ነዳጅ ስበላ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«እኔ እኮ አይደለሁም እትዬ፤ ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስህ እናት የለውም?»

ሰልፈኛው ሳቀ። ማንደፍሮ ግን የጋሽ ዘርጋው መዳፍ ፊቱ ላይ ተደቅናበት ስለነበር አልሳቀም። እትዬ የሺመቤትን መለሳቸው። አንድ ባለ ሰፊ ትከሻ ግንበኛም ተመለሰ። «ይሄ ጡንቻ ነው እንጂ ስብ አይደለም!» ብሎ ክንዱን ገልጦ ቢያሳይም፣ «ጡንቻም ይመዘናል፣ ወንድሜ» ተባለ። ሁለት ሸካሚዎችና አንድ ባለ ጠጅ ቤትም እንደዚሁ ቀሩ። አንዱ ጫማውን አውልቆ ሊወጣ አለ፤ ሌላው ካፖርቱን ለጓደኛው አስይዞ ተመዘነ። አንዱ ደግሞ ቀጭን ወንድሙን በራሱ ፈንታ ሚዛኑ ላይ ሲያቆም ተያዘ። ጭቅጭቅ በጭቅጭቅ ሆነ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሞተሩ ግር ግር ይላል።

በመጨረሻ ሚኒባሷ ንፋስ በሚወስዳቸው ሰዎች ሞላች። ተራ አስከባሪው በመስኮት አይቶ፣ «ተሳፋሪ ነው ወይስ የሁዳዴ ማኅበር?» ብሎ በሩን ዘጋላቸው።

ዳገቱ ሲጀመር ማንደፍሮ ፊቱ በራ። «አያችሁ? ላባ ሆናለች!» አለና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠው። ቀላል ነን ብሎ ፈነጠዘ፤ በየመታጠፊያው የቀደመውን ሁሉ በጥሩንባ ሰላም አለ። የዳገቱ ጫፍ ሊደረስ የድንጋይ ውርወራ ያህል ሲቀር ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ፤ ደግሞ ሳለና ጸጥ አለ።

ማንደፍሮ የነዳጅ መርፌዋን አያት። ተኝታለች።

ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጠ። ጫፏ እዚያው ትታያለች። ከጫፏ ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ እስከ ደጋው መናኸሪያ በር ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ያለ ሞተርም ያስገባል። ጫፏን ብቻ ማለፍ ነው።

«ውረዱ፣ እንግፋ!»

ወረዱ። ገፉ። ሚኒባሷ ንቅንቅ አላለችም። አንዱ ጫማው ወደ ኋላ ተንሸራቶበት በአፍንጫው ሊተከል ምንም አልቀረው። ሌላው አንዴ ገፋና ተቀምጦ ውሃ ጠየቀ።

«አይዟችሁ!» አለ ከመካከላቸው አንዱ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!»

ልብስ ሰፊው ላቡን እየጠረገ ዞረ። «ወንድሜ፣ ሰዎቹማ ታች ቀርተዋል። እኛ ሎሚዎቹ ነን።»

ይህን ሲል ከታች የሰው ድምፅ ተሰማ። ቆላ የቀሩት ተሳፋሪዎች ወደ ድንጋይ ማውጫው ካባ የሚሄድ የጭነት መኪና አግኝተው ተሳፍረው ነበር። ካባው መገንጠያ ላይ አውርዷቸው የቀረውን በእግራቸው መውጣታቸው ነው። ከፊት እትዬ የሺመቤት፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፤ ከኋላ ግንበኛው፣ ሸካሚዎቹና ባለ ጠጅ ቤቱ። ማንደፍሮ ጎማ የሚያይ መስሎ አጎነበሰ። ግን የሰው ልጅ ከጎማ ኋላ እስከ መቼ ይደበቃል?

«እንደምን ዋልክ፣ ሳይንስ?» አሉት እትዬ የሺመቤት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ።»

«ምን ሆነችብህ?»

«ነዳጅ አለቀባት።»

«ማን በላው? እኔ የለሁበትም!»

ግንበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀጫጭኖቹም ሳቁ። ማንደፍሮ ያን ፈጣን አፉን ፈለገው፤ አጣው። እንደ ልጅ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«እትዬ፣ ጋሽ ዘርጋው ቁልፉን ሊቀበሉኝ መናኸሪያ ተቀምጠዋል። ሌላ ምንም የለኝም። እባካችሁ ትንሽ ግፉልኝ።»

እትዬ የሺመቤት ወገባቸውን ይዘው ሚኒባሷን ከኋላ እስከ ፊት አዩዋት።

«ለመግፋት ስንት ኪሎ ነው የሚፈቀደው?»

«ያለዎትን ሁሉ፣ እትዬ» አለ ማንደፍሮ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አጠበቁ። ግንበኛው ትከሻውን ሰጠ። ሸካሚዎቹ በሁለቱ ማዕዘን ገቡ። ባለ ጠጅ ቤቱ ቦርጫቸውን ከኋላው በር ጋር አስማምተው ተደገፉ። «በሉ እንጂ! ሆ!» ሲሉ ሚኒባሷ የገዛ ጎማዋን ያስታወሰች ይመስል ተንከባለለች። ጥቂት ትንፋሽ፣ ጥቂት ስድብ፣ ብዙ ሳቅ፤ ጫፏ ላይ ወጡ።

«አሁንስ?» አሉ እትዬ የሺመቤት ላባቸውን እየጠረጉ። «እንግባ ወይስ እንመዘን?»

«ግቡ! በሞቴ ግቡ!»

ሰው በሰው ላይ ተጫነ። ልብስ ሰፊው በሁለት ሸካሚዎች መካከል እንደ ዕልባት ተሰካ። ማንደፍሮ በሁለት እግሩ ፍሬን እየያዘ ቀስ ብሎ ለቀቃት። የሚገርመው፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ይበላል የተባለው ክብደት ቁልቁለቱ ላይ ራሱ ነዳጅ ሆነ። ከመናኸሪያው ፊት ያለችውን ለጥ ያለች ሜዳ እንኳ ያሻገራቸው እሱ ነው።

«የምር ግን» አለ ልብስ ሰፊው ከታፈነበት። «ያን ሁሉ ነዳጅ ማን ጨረሰው?»

«ጠፍቶህ ነው?» አለ ግንበኛው። «እዚያ ታች እኔ ከባድ አንተ ቀላል ስንባባል ሞተሩ ሲነድ ነው የዋለው። ጭሱ ገና ያስለኛል። ክብደትስ ይበላል፤ እሱ ሐሰት አይደለም። ቢበላም ግን ሰው እያደረሰ ነው። የቆመ መኪና ማንንም ሳያደርስ ይበላል።»

ማንደፍሮ ሰማ።

መናኸሪያው በር ሲደርሱ ጋሽ ዘርጋው ከአግዳሚው ተነሡ። ፊታቸው ፈክቷል። «ሞተሩ እንዴት እንዲህ ጸጥ አለ? አሠራኸው እንዴ?»

ማንደፍሮ አፉን ከፈተ። ሰበብ ሞልቶታል፤ አንዱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ ግን የእትዬ የሺመቤት ግንባር አሁንም በላብ እርጥብ ነው። ሰበቡን ዋጠው።

«አልቆብኛል፣ ጋሼ። የጨረስኩትም ቆሜ ሰው ስመዝን ነው። እዚህ ያደረሱኝ ከባድ ናችሁ ብዬ የመለስኳቸው ናቸው።» ቁልፉን ነቅሎ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ።

ጋሽ ዘርጋው ጣታቸውን በቁልፉ ላይ አጠፉ።

«ነገ ማን ነው የሚያወርደን?» አሉ እትዬ የሺመቤት ከበሩ ላይ።

«ሌላ ሹፌር እፈልጋለሁ።»

«ሌላውማ ገና ሊመዝነን ነው። ይሄኛው መዝኖን ጨርሷል። ለእሱ ይመልሱለትና እርስዎም ያቺን ሞተሪኖ ያሠሩለት፤ ቆሞ እንዳይነድ።»

ጋሽ ዘርጋው ሞተሪኖ ሲባል ትንሽ አሳላቸው። ቁልፉን አንዴ፣ ማንደፍሮን አንዴ አዩና መዳፋቸውን ከፍተው ቁልፉን ዘረጉለት።

ወዳጄ፣ ነገር አልሄድ ሲለን እኛም ቶሎ ብለን ሚዛን እናወጣለን። በቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በማኅበር፣ «ማን ነው የከበደን? ማን ይውረድ?» እንላለን። ሰው ይከብዳል፤ አዎ፣ ይከብዳል። ግን የሚከብድ ሰው የሚገፋበት ትከሻም አለው። ማን ይውረድ እያልን ቆመን ስንጨቃጨቅ የምናነደው ደግሞ ከሁላችንም ክብደት ይበልጣል።

እስቲ ራስህን ጠይቅ፤ ዛሬ ከበርህ የመለስከው ሰው ማን ነው? ዳገቱ ጫፍ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር ብትቆም፣ ከታች ማን ሲመጣ ብታይ ደስ ይልሃል?