በሹክሹክታ የተካሄደው ግልጽ ስብሰባ

«የከተማው ምክር ቤት ለሕዝብ ክፍት በሆነ ስብሰባ ይወያይ» የሚል አዲስ ደንብ ወጣና ከንቲባ ድልነሳው ክፉኛ ጨነቃቸው። ኋላ ግን መላ መጣላቸው፤ የአዳራሹን በር ወለል አድርገው ከፈቱና ከአባሎቻቸው ጋር ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ሲንሾካሾኩ አረፈዱ።

ከሕዝቡ ጋር ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ጆሮዋን ብታቆም፣ አንገቷን ብታሰግግ፣ አንዲት ቃል እንኳ ጠብ አልልላት አለ።

በመጨረሻ ከንቲባው ብድግ ብለው፣ «እንግዲህ በግልጽ ተወያይተን ወስነናል፤ አጨብጭቡ!» አሉ።

ሁሉም ሲያጨበጭብ እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለች ደረቷን ትደቃ ጀመር።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ?»

«ክቡር ከንቲባ፣ በእኛ ሰፈር ሰው ተሰብስቦ የሚንሾካሾከው መርዶ ይዞ እንዴት ልንገር ሲል ነው። ይንገሩን እንጂ፣ ማን ሞቶብን ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አሉ ከንቲባው ደንግጠው፤ «የገበያውን ሜዳ ለአማቼ ሰጠነው እንጂ!»

ሴትዮዋ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ገበያችን ነዋ የሞተው! በሉ ጎረቤቶቼ፣ ጭብጨባውን ተዉና ደረት ምቱ!»