ሰፊው ዘርጋው የገባበት ድንኳን

«ለሾላ ምንጭ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የእድራችን ድንኳን እስከ ዛሬ ለኀዘን ብቻ ሲተከል የኖረ ቢሆንም፣ ከእንግዲህ ለሠርግም እንዲያገለግል በጠቅላላ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ የተወሰነ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።»

ይህ ማስታወቂያ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሁለት ማኅተም ነበረበት፤ አንደኛው ተገልብጦ የተመታ። ዛሬ ሾላ ምንጭ አስፋልት ገብቶላታል፣ ወፍጮ ቤቱም ባለ ሁለት ፎቅ ባንክ ሆኗል። ማስታወቂያውን የሚያስታውሰው ሰው የለም። በእሱ ሰበብ የተወለደችው አባባል ግን ይኸው እስከ ዛሬ አላረጀችም፤ ሽማግሌ ሸንጎ ላይ ይላታል፣ ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ ይላታል። እንዴት እንደተወለደች ግን ሁሉም አያውቅም።

ነገሩ የሆነው ሾላ ምንጭ ሦስት ሬዲዮና አንድ መሰላል ብቻ በነበሯት ዘመን ነው። መሰላሉ የእድሩ ዳኛ የአቶ ገረመው ነበር፤ ረጅም፣ የዝግባ መሰላል። ጣሪያው ያፈሰሰበት ሁሉ እሱን ይዋሳል። አንድ ሰኔ ላይ የአጥር ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ዘርጋው ተዋሰው። መሰላሉም በዚያው ቀረ።

«መልሼ አጥርህ ላይ አስደግፌዋለሁ» አለ ዘርጋው።

«አጥሬ ላይ ዱባ እንጂ መሰላል የለም» አለ ገረመው።

ዘርጋው ማለ። ከማለ በኋላማ ወዴት ይመለሳል? ሰባት ዓመት ተዘጋጉ። ከተማዋም ሰባት ክረምት ሙሉ ጣሪያዋን ሰው ትከሻ ላይ ቆማ ጠገነች። ዘርጋው «ያ ሰውዬ ዳኛ በሆነበት ስብሰባ አልቀመጥም» ብሎ የእድሩን ጉባኤ ተወ። ሚስቱን ወይዘሮ ማንጠግቦሽንም «የዚያን ቤት ወሬ እዚህ ቤት እንዳታመጪ» ሲል አስጠነቀቃት። ማንጠግቦሽ ባሏን ታዝዛ የማታውቅ ሴት ብትሆንም፣ ይህችን አንዲት ትእዛዝ ግን ቃል በቃል ጠበቀች። ድንኳኑ ለሠርግ እንዲሆን ሲወሰን አልነገረችውም። የገረመው ልጅ ትርንጎ ስትታጭም አልነገረችው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ዘርጋው ተመችቶት አልነበረም። አጥር ማዶ ገረመው ሲስል በሰማ ቁጥር መርፌው ጣቱን ይወጋው ነበር። አንዳንዴ «ዛሬስ ሄጄ እነግረዋለሁ» ይልና እስከ በሩ ይደርሳል፤ ከዚያ ያ መሐላ ትዝ ይለውና ይመለሳል።

በጥር ወር የስፌት መኪናውን ጭኖ ቆላ ገበያ ወርዶ ሁለት ሳምንት ሰነበተ። እሑድ ጠዋት የጭነት መኪናው መንገድ ዳር ሲያወርደው፣ ከቤቱ በፊት ዓይኑ ውስጥ የገባው የገረመው ደጅ ነበር። ደጁ ላይ ድንኳኑ ተተክሏል። ያው ድንኳን፤ የዘርጋውን አባት፣ እናቱንና ታላቅ ወንድሙን የሸኘው። ከጓሮ የወጥ ጭስ ይወጣል፣ ወንዶች አግዳሚ ወንበር ይሸከማሉ፤ ከበሮ ገና አልተመታም።

ዘርጋው «ገረመው ሞተ!» አለ። ሲሄድ ገረመው ክፉኛ ሲስል ሰምቶት ነበር።

የስፌት መኪናውን እዚያው አፈር ላይ ጥሎ፣ ኩታውን አዘቅዝቆ ፊቱን ሸፈነና እየጮኸ ሮጠ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶም ደረቱን እየመታ ሙሾውን አወረደው፦

«አንተ ገረመው የሰፈሩ ዋልታ፣
ሳንታረቅ ሄድክ እንዲያው በዝምታ።

መልሻለሁ ብዬ የማልኩት መሐላ፣
ሐሰት ነበረና እኔኑ ይብላ።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ዘርጋው ጸጥታውን የኀዘን ጸጥታ አድርጎ ወሰደው፤ እንዲያውም አበረታው። «አንተ ደግ ሰው፣ እኔ ውሸታሙ ቆሜ አንተ ልትቀበር? ሰባት ዓመት እውነተኛው አንተ ነበርክ» እያለ በጉልበቱ ተንበረከከ።

ይሄኔ ከፊት ለፊቱ አንድ ድምፅ፣ ዘርጋው አጥር ለአጥር የሚያውቀው ድምፅ፣ ረጋ ብሎ ጠየቀ።

«ታዲያ መሰላሉ የት ገባ?»

ዘርጋው ኩታውን ከዓይኑ ገለጥ አደረገ። መጀመሪያ ያየው የተወለወለ ጫማ ነው። ቀጥሎ አዲስ ሱሪ፣ አዲስ ኮት። ከኮቱ በላይ የገረመው ፊት፤ በሕይወት ያለ፣ የተላጨ፣ ሽቶ የተቀባ። ከገረመው ኋላ ደግሞ ማንጠግቦሽ የዶሮ ወጥ ጭልፋ እንደያዘች አፏን ከፍታ ቆማለች።

«ሟርት ነው» አለች የሙሽራዋ አክስት። «በሠርጓ ቀን ተለቀሰባት። ይኼ ሰው ይውጣልን።»

ሁለት ጎረምሶች ብድግ አሉ። ዘርጋውም እንዲያወጡት እንኳ አልጠበቀም፤ በአራት እግሩ ወደ በሩ ዞረ። ቢወጣ ኖሮ በልጅ ላይ ያሟረተ ውሸታም ተብሎ ዕድሜውን ይጨርስ ነበር፤ ይህን እሱም ያውቀዋል። ግን በሩ ላይ ግራዝማች ሽብሩ በትራቸውን አጋድመው ተቀምጠዋል። የከተማዋ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው።

«ወዴት ነው?» አሉት።

«ወደ ቤቴ፣ ግራዝማች።»

«አይሆንም። ለቅሶ ሟርት የሚሆነው በግማሽ የቀረ እንደሆነ ነው። የጀመርከውን ተናገርና ሂድ።»

እንዲህ ያለ ሥርዓት ሾላ ምንጭ ውስጥ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ግራዝማች ያንን ነጭ ጢማቸውን እየዳበሱ ከተናገሩ ሥርዓት ነው። ጎረምሶቹም ተመልሰው ተቀመጡ።

ዘርጋው ተነሣ። ገረመውን ሳይሆን የገረመውን ጫማ እያየ ተናገረ።

«ከጣሪያ ስወርድ ሁለት ቦታ ተሰበረብኝ። ልነግርህ ስል አፈርኩ። ክረምት ነበር፤ ማገዶ አልነበረንም። አነደድኩት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

 

«ሞቀህ?» አለ ገረመው።

«በጣም።»

«ዝግባ ነበረ እኮ።»

«ያስታውቃል፤ ጭስ የሚባል አልነበረውም።»

ገረመው መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሆዱ። ከዚያ አዲሱ ኮት አንድ ቁልፍ ወረወረ፤ ሳቁም ወጣ። ዘርጋውን አንገቱን አንቆ ሳመው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ማንጠግቦሽ ግን ሰባት ዓመት ያፈነችውን ወሬ ሁሉ እዚያው ለባሏ ዘረገፈችለት።

ይህን ጊዜ የሙሽራው ወገን እየዘፈነ ደረሰ። አንደኛው ሚዜ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ዓይኑን ያልጠረገ ሰው ቢያጣ ደነገጠ።

«ምነው፣ ሰው ሞቷል እንዴ?»

«እኔ ሞቼ ነበር» አለ ገረመው። «አሁን ተሽሎኛል።»

ሚዜው ግራ ገብቶት ወደ ዘርጋው ዞረ። «እርስዎስ ጋሼ፣ ዓይንዎ ምን ሆኖ አበጠ?»

«አልናገርም» አለ ዘርጋው፣ የገረመውን ቁልፍ ሊተክል መርፌ ውስጥ ክር እያስገባ።

«ኧረ ይንገሩኝ።»

«አልናገርም አልኩህ እኮ። ክሩን አትጋርድብኝ።»

ሚዜው ዙሪያውን ቢያይ የሚያስረዳው ጠፋ፤ ሁሉም ይስቃል። ይሄኔ ግራዝማች ሽብሩ በትራቸውን ከበሩ ላይ አንሥተው መንገድ ለቀቁለትና እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ድንኳን አይተህ አታልቅስ፤ ካለቀስክም ጨርስ።»