ስንዱ የምትገባበት ቀዳዳ

በአንድ ወቅት፣ የከተማ ሰው ጭቃ መርገጥን ለመማር ገጠር ድረስ የሚወርድበት ዘመን ደርሶ፣ ከደጋ ጫካ ሥር ወዳለ አንድ እርሻ ሦስት ወጣቶች መጡ። እርሻው የእማማ የሻረግ ነው። ወጣቶቹ ያለ ደመወዝ ያርማሉ፣ ይኮተኩታሉ፤ እሳቸው ደግሞ ግድግዳ መምረግን፣ ከጫካም የሚበላውን ከማይበላው ለይቶ መልቀምን ያስተምራሉ። ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «እኛ ከጭቃ ለመውጣት ስንለፋ እነሱ ሊገቡበት መጡ» ተባለ።

ሦስቱም ግን ሰነፎች አልነበሩም። ምንተስኖት የሕንፃ ሥራ የተማረ ነው፤ እጁ ሥራ ካልያዘ ይጨንቀዋል። ክንፈ ቅጠል ሳያሸት የማያልፍ፣ ጫካ ከገባ መውጣት የማይወድ ልጅ ነው። ጃለኔ እናቷን ገና በልጅነቷ የቀበረች ናት፤ ከሥራ ሁሉ ከእማማ አጠገብ የሚሠራውን ትመርጣለች።

እማማ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ እስኪሸት እንዲቆይ አስተማሯቸው። ሳማ እጅ ሳይለበልብ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ኮሽም መቼ እንደሚበስል አሳዩአቸው። ደከመን ሲሉ፣ «ስንዱ ብትሆን ይህን ብቻዋን በረገጠችው» ይሏቸዋል። ጎረቤት በሐሜቱ «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይላል፤ እሳቸው ፊት ግን ሞተች የሚል የለም። ምንተስኖት በመጣ በሳምንቱ ከአልጋቸው ራስጌ ግድግዳው ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አይቶ፣ «ልድፈነው እማማ?» ቢላቸው፣ «ስንዱ የምትገባበት ነው፤ እንዳትነካው» አሉት።

ስንዱ አንድ ልጃቸው ነበረች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በነሐሴ ጭጋግ፣ ጫካ ገብታ አልወጣችም። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በዚያ አገር ሬሳው ላልተገኘ ሰው ለቅሶ አይቀመጡም፤ ከግድግዳው ላይ አንድ እፍኝ ጭቃ አንስተው መግቢያ ይተዉለታል። ይህን ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ብቻ የሚያውቁት ደግሞ አለ። እንጉዳይ ነጎድጓድ በመታበት ይወጣል ይባላልና፣ የዚያን ቀን ልጅቱ «ጭጋጉ ይለፍ» ስትል፣ «ሌላ ሰው ሳይቀድምሽ ነጎድጓዱን ተከትለሽ ሂጂ፣ አንቺ ሰነፍ» ብለው የላኳት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሲመሻሽ ቀዳዳው ሥር ተቀምጠው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ መልስ መጥቶ አያውቅም።

ነሐሴ ገባ። ዝናቡ በቀዳዳው እየገባ አልጋቸውን አራሰው፤ እማማን ብርድ መታቸው፣ ትኩሳት ያቃዣቸው ጀመር። ጤና ጣቢያውም ቤተ ክርስቲያኑም ከወንዝ ማዶ ናቸው፣ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። ምንተስኖት ማንንም አልጠየቀም። ከቆየው ጭቃ ዘግኖ ቀዳዳውን ደፈነ፣ ለሰነው፣ እሳት አንድዶ አልጋቸውን አደረቀ። በማግስቱ ጠዋት፣ ከውጭ በኩል፣ እርጥቡ ጭቃ ላይ አምስት ጣት የቧጨረው ምልክት ተገኘ። ሦስቱም እጃቸውን ለክተው አዩ፤ ከጃለኔም እጅ እንኳ ያንሳል። በሦስተኛው ቀን እማማን ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ዓይናቸውን ገልጠው የተደፈነውን አዩት።

«ይሞቱብን ነበር እማማ» አላቸው ምንተስኖት።

«እሷስ?» አሉት።

ክንፈ ያንን የጣት ምልክት ካየ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ከዝግባው በታች ወዳለው ገደል እንዳይሄዱ እማማ ከልክለዋቸው ነበር። እሱ ግን ትእዛዛቸውን ጥሶ ሄደ። ሁለት ቀን የጫካ ፍሬ እየበላ፣ በገመድ እየተንጠለጠለ ፈለገ። ከገደሉ ሥር አጥንት፣ የበሰበሰ ቅርጫትና ማተብ የታሰረበት የብር መስቀል አገኘ። በጋቢው ጠቅልሎ አመጣት፤ እማማ እግር ሥር አስቀመጣት። መስቀሉን ሲያዩ እሪ አላሉም።

«ማን ፈልግ አለህ?» አሉት።

«መሬት ያላገኘ ሰው አያርፍም፣ እማማ።»

«እኔስ አሁን አረፍኩ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ አሉ። ወንዙ እስኪጎድል አፅሙ በጋቢ እንደተጠቀለለ ቤት ውስጥ ቆየ፤ እሳቸውም አጠገቡ ተኙ። ጎረቤት ለመናቸው። ጃለኔ አጥሚት በማንኪያ ይዛ ለመነቻቸው። በአምስተኛው ቀን ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ጃለኔ ቢላዋ ይዛ በጓሮ ዞረች፣ ምንተስኖት የደፈነውን ፍቃ ከፈተችው። ሲመሻሽ በቀዳዳው ድምፅ ገባ።

«እማዬ፣ ብዪ።»

እማማ ቀና አሉ። ወደ ቀዳዳው ዞረው፣ «እኔ ነኝ የላክሁሽ። ተቀይመሽኛል?» አሉ።

ድምፁ በዝናቡ መሃል መለሰ። «አልተቀየምኩም። ብዪ።»

አጥሚቱን ጠጡ። በሁለተኛውም ምሽት በሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ፤ በአራተኛው ቀን ተነሥተው በእግራቸው ቆሙ።

ወንዙ ጎደለና ቀብሩ ተቆረጠ። በዚያ አገር ሥርዓት የጠፋ ልጅ ተገኝቶ ሲቀበር የቤቱ ሌላ ልጅ የመጀመሪያውን አፈር ያለብሰዋል። ሌላ ልጅ ከሌለ ወላጅ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አንድን ሰው ያጠባል፤ ያ ሰው የጡት ልጅ ይሆናል። አፈሩን ያለብሳል፣ ቤቱን ይወርሳል፣ ከቀብር ሲመለስም የግድግዳውን ቀዳዳ ለሁልጊዜው ይደፍናል። ከአንድ በላይ ማጥባት አይቻልም።

በመቃብሩ አፋፍ ማሩ ቀረበ። ምንተስኖት፣ «እኔ ባልደፍነው ዛሬ ሁለት ጉድጓድ ነበር የምንቆፍረው» አለ። ክንፈ፣ «እኔ ባልሄድ የምንቀብረው አይኖርም ነበር» አለ። ጃለኔ አንገቷን ደፋች።

«እኔ የምለው የለኝም» አለች። «ሦስት ምሽት በቀዳዳው የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሰው አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ፣ «በሙት አፍ ይቅርታ ይሰጣል እንዴ፣ አንቺ ልጅ?» አሏት።

እማማ ግን አልደነገጡም። «አውቄያለሁ» አሉ። «ስንዱ እማዬ ብላኝ አታውቅም፤ እታለም ነበር የምትለኝ። አንቺ መሆንሽን እያወቅሁ ነው የበላሁት።» ይህን ብለው ወደ እሷ ዞሩ። «ስንት ምሽት ነው ያልሽው?»

«ሦስት፣ እማማ። ትናንት ማታማ ሦስታችንም እዚህ ማዶ መቃብር ስንቆፍር አመሸን።»

ትናንት ሲመሻሽ እማማ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳሉ በቀዳዳው ድምፅ ገብቶ ነበር። «እታለም» ብሎ ጠራቸው። ተቀይመሽኛል ወይ ብለው ጠየቁት፤ አልተቀየምኩም አላለም፣ ተቀይሜአለሁም አላለም። ድጋሚ «እታለም» ብሎ ጠራና ጠፋ። ዛሬም ቢመጣ የሚገባው በዚያው ቀዳዳ ነው፤ የጡት ልጅ ያገኘ ቤት ደግሞ ቀዳዳ አይኖረውም።

ካህኑ ፍትሐቱን ጨርሰው ይጠብቃሉ። እማማ የሻረግ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው አወጡ፤ ሦስቱም ፊታቸው ተንበርክከዋል። አንዱ በሕይወት አቆያቸው፤ ልጃቸውን ግን ውጭ ዘጋባት። አንዱ ልጃቸውን አመጣላቸው፤ ተስፋቸውን ግን ወሰደ። አንዷ እህል አስቀመሰቻቸው፤ የሰጠቻቸው ይቅርታ ግን የእሷ አልነበረም። እናንተ ሰሚዎች፣ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ያን ማር ለየትኛው ታጠቡ ነበር? ወይስ ጣታችሁን ጠርጋችሁ፣ ልጅ አልባ ሆናችሁ፣ ወደዚያ ክፍት ቀዳዳ ትመለሱ ነበር?