ኖራ የበላው ግጥም

በቻይና ነገሥታት ዘመን ሹማምንት መንገድ ወጥተው ሲያድሩ በማደሪያው ግድግዳ ላይ ግጥም መጻፍ ልማዳቸው ነበር። አገረ ገዢው ፓን ደግሞ ባደረበት ሁሉ ይጽፋል። ከብዛቱ የተነሳ የቱን የት እንደጻፈው ራሱም አያስታውስም፤ የማንበቡ መከራ የሌላው ሰው ነበር።

አንድ ቀን ከንጉሠ ነገሥቱ የተላከ፣ የከሃዲዎችን ወዳጆች እየለቀመ የሚያስር መርማሪ ይዞ፣ ፓን ወደ አንዲት ባልቴት ማደሪያ ቤት መጣ።

«እዚህ ግድግዳ ላይ ያለውን ግጥሜን ይዩልኝ» ብሎ መርማሪውን አስገባው። ግድግዳው ግን ከላይ እስከ ታች ኖራ ተቀብቷል።

የፓን ፊት ጠቆረ። «አንቺ! የእኔን ግጥም በኖራ ታጠፊያለሽ?»

«አዎ ጌታዬ፣ እኔው ነኝ የቀባሁት።»

«እንግዲያው አሁኑኑ በቃልሽ ትይዋለሽ። አንዲት ቃል ብትስቺ ይህን ቤት አቃጥለዋለሁ!»

ባልቴቷ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ጠጋ ብላ ለፓን ብቻ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አለችው፦

«አንድም ቃል አልረሳሁም፣ ጌታዬ። ከመነሻው እስከ መድረሻው ሚኒስትር ፌንግን ያወድሳል፤ ባለፈው ወር በክህደት አንገታቸው የተቀላውን። ኖራውን የቀባሁትም ወሬውን የሰማሁ ዕለት ነው። መጨረሻው ላይ የእርስዎ ስም አለ። መርማሪው ራቅ ብለው ነው የቆሙት፤ እንዲሰሙት ጮክ ብዬ ልጀምር?»

ፓን ግድግዳውን ትክ ብሎ አየ።

«ኖራው ስስ ነው» አለ። «ድገሚበት።»