የተሸካሚው አወዳደቅ

አንድ ጉልበተኛ ሰው ነበረ። ይርዳው፣ ለጠየቅኸኝ ጥያቄ መልሱን ከእሱ ታገኘዋለህና አረፍ ብለህ ስማኝ።

ሰውየው የወፍጮ ቤት ተሸካሚ ነበር። ኩንታል ጤፍ በአንድ ትከሻው ብድግ አድርጎ ከመኪና ያወርዳል። በከተማው «እሱን የሚጥል ከየት ይመጣል?» ይባልለት ነበር፤ እሱም ይህን ስም እንደ ካባ ለብሶት ይዞራል። አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ጎረቤቱ ጎትቶ ወሰደውና አይኪዶ የሚባለውን የጃፓን ትግል መማር ጀመረ። በዚህ ትግል አንዱ ይሰነዝራል፤ ሌላው የሰንዛሪውን ኃይል ተቀብሎ በዚያው በራሱ ኃይል ይጥለዋል። ሰውየው ትምህርቱን ወደደው። አወዳደቅም ለመደ። እዚያ ሲወድቅ የሚያየው የሰፈር ሰው ስለሌለ አልከበደውም።

ዓመት እንዳለፈ የከተማው የባህል ቀን ደረሰ። አዘጋጆቹ መምህሩን ትርኢት እንዲያሳዩ ጋበዟቸው። መምህሩም ተሸካሚውን ሰንዛሪ፣ አብራው የምትማር አንዲት ቀጭን ልብስ ሰፊ ደግሞ ጣይ አደረጉ።

ወሬው ገበያ ደረሰ። የሚስቱ ወንድም «እንዴ! በሕዝብ ፊት ሴት ልትጥልህ ነው?» ብሎ ሳቀበት። ነገሩ ከተሸካሚው ሆድ አልወጣ አለ።

ቀኑ ሲደርስ፣ ከጭፈራው ቡድን ቀጥሎ ሁለቱ የትግሉን ነጭ ልብስ ለብሰው ለመውደቂያ የተነጠፈው ፍራሽ ላይ ወጡና እጅ ተነሳሱ። ተሸካሚው ቀና ቢል የወፍጮ ቤቱ ሰው በሙሉ ከፊት ተደርድሯል፤ የሚስቱም ወንድም አለ። እጁን ሰነዘረ። ነገር ግን ሰውነቱን ወደ ኋላ ይዞ፣ እግሩን ተክሎ ነበር የሰነዘረው። ልብስ ሰፊዋ እጁን ይዛ ዞረች። ፍንክች አላለም። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም እንደ ዋርካ ቆመ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። «አንቺ፣ ተራራ ልትገፊ ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

ተሸካሚው ፈገግ ሊል ሲል ፊቷን አየ። አልተቆጣችም። ላቧን በእጅጌዋ ጠረገችና እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ገና አልመጣህም» አለችው።

ይህች ቃል አሳፈረችው። እውነቷን ነበር። ያን ሁሉ ኩንታል የሚያነሳ ሰው መውደቅን ፈርቶ ክንዱን ብቻ ልኮ ራሱን ደብቆ ነበር። ወደ ሕዝቡ ዞረና «ወገኖቼ፣ በእሷ አትሳቁ፤ የለገምኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ካለው ጉልበት አንዳች ሳያስቀር መጣባት።

ገለል ብላ አሳለፈችው፤ እጁን ይዛ ዞረች። ያ ሁሉ ሰውነት አየር ላይ ተገለበጠና ፍራሹ ድም አለ። ሰውየው ተንከባሎ በእግሩ ቆመና እየሳቀ እጅ ነሳት። ይሄኔ እልልታውና ጭብጨባው ቀለጠ። «ይደገም!» አሉ። ሰባት ጊዜ መጣ፣ ሰባት ጊዜ ወደቀ። ጉልበቱን ግን ማንም አልተጠራጠረም፤ ምን ያህል እንደሆነ እንዲያውም ያን ቀን ነው ያዩት። የሚስቱ ወንድም ሳይቀር ፍራሹ ዳር መጥቶ «እንዲህ ወድቀህ ሳትሰበር እንዴት ተነሳህ? እኔንም አስተምረኝ» አለው። ሰውየው እያፏጨ ቤቱ ገባ።

እንግዲህ ይርዳው፣ አንተ «ክብሩ ለሚጥለው ከሆነ በእሁዱ ትርኢት ወዳቂ መሆኔ ምን ይጠቅመኛል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ያ ሰው እስኪወድቅ ድረስ ልብስ ሰፊዋ ጥበቧን ማሳየት አልቻለችም፤ እሱም የገዛ ጉልበቱን ለሰው አላሳየም። ለመውደቅ የሳሳ ሰው ጓደኛውንም ራሱንም ያስቀራል። አንተም እንደዚያው ነህ። እሁድ ፍራሹ ላይ ስትወጣ ክንድህን ብቻ አትላክ፤ ራስህ ና።